ሰባተኛው ረድፍ ላይ የሌለ ቅጠል

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያው ጥበቃ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በበለስ ዛፎቹ መሃል እየዞረ ሳለ፣ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ጋ ከመሰላል ሥር የተዘረጉ ሁለት እግሮች አየ። ጫማዎቹን ስላወቃቸው “ጋሽ አንባቢ ዛሬስ ደክሟቸው ጋደም አሉ” ብሎ ሊያልፍ ነበር። ተጠግቶ ሲጠራቸው አልመለሱም።

ጋሽ አንባቢ የጣቢያው አትክልተኛ ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የተማሩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም፣ ማንኛውንም የበለስ ዝርያ ቅጠሉን አይተው ስሙን ስለሚጠሩ ሠራተኛው ሁሉ “አንባቢ” ይላቸው ነበር።

ኢንስፔክተሯ ከሳጅኑ ጋር ስትደርስ የጣቢያው ዳይሬክተር የአደጋ ሪፖርት አስተይቦ ይጠብቃት ነበር። ወረቀቱ ላይ ማህተሙ ገና አልደረቀም።

“መሰላል አይውጡ ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው” አላት ወረቀቱን እየዘረጋ። “እልኸኛ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እዚህ ጋ ቢፈርሙልኝ ቤተሰቡ ቶሎ ይረከባቸዋል።”

“ሬሳው ከመሬት ሳይነሳ ማህተም አስመቱ?”

“ሥራ ለማቃለል ብዬ ነው።”

“የእኔን ሥራ ለእኔ ይተዉልኝ ዶክተር።”

ተንበረከከች። የሽማግሌው የራስ ቅል ከኋላ ተፈንክቷል፤ ከሥራቸው ያለው አፈር ግን ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ የሚባል የለበትም። ደምም የለም። ሳጅኑ ቀስ ብሎ ገልበጥ ሲያደርጋቸው ሹራባቸው ጀርባ ላይ ሁለት ቅጠሎች እንደ ቴምብር ተለጥፈው አየች። የበለስ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ደርቆ ነው ያጣበቃቸው።

ቀና ብላ መሰላሉ የተደገፈበትን ዛፍ አየች። የዛፉ ቅጠል ሰፊ ነው፤ ሦስት አጫጭር ጣቶች አሉት። ሹራቡ ላይ ያሉት ደግሞ ባለ አምስት ጣት ናቸው። መሃለኛው ጣት ከሥሩ ቀጥኖ ጫፉ ጋ እንደ ማንኪያ ይሰፋል።

“ሳጅን፣ እነዚህ ከዚህ ዛፍ የወደቁ ይመስሉሃል?”

ሳጅኑ ጭንቅላቱን አከከ። “እኔ ቅጠል ሁሉ አንድ ነው የሚመስለኝ። ግን አይመስሉም።”

ቅጠሎቹን በፖስታ ከተተቻቸው።

ረፋድ ላይ ኮማንደሩ ቢሮው አስጠራት። “ዳይሬክተሩ ደውሎልኝ ነበር። ሽማግሌ ከመሰላል ወደቀ፤ ምኑ ነው የሚመረመረው? ሰውየው እኮ የተከበረ ሰው ነው። ሰሞኑን አዲስ የበለስ ዝርያ አገኘ ተብሎ ሊሸለም ነው።”

“የሞተውስ ሰውዬ? አልተከበረም?”

“ደግሞ እንዳትጀምሪ።”

“ሰው ከመሰላል ወድቆ ለስላሳ አፈር ላይ ራሱ አይፈነከትም። የፈሰሰው ደም የት ሄደ?”

ኮማንደሩ ተነፈሰ። “ሦስት ቀን ሰጥቼሻለሁ።”

በሩን ስትዘጋው ከፈለገችው በላይ ጮኸ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነች። ዝና የሌለው ሰው ሲሞት “ምኑ ይመረመራል” መባሉ አሁንም ቆሽቷን ያሳርረዋል።

የጋሽ አንባቢ ብቸኛ ልጅ ልብስ ሰፊ ነች፤ ከገበያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ አላት። ኢንስፔክተሯ ስትገባ መርዶው ቀድሟት ነበር። ጎረቤት ሴቶች ከብበዋታል። እሷ ግን አታለቅስም፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ቆማ አንድ የቀሚስ ቅድ እያጣጠፈች መልሳ ትዘረጋለች።

“እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላሳይሽ።”

ቅጠሎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቱ አንዱን አነሳችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው።

“ይቺን ከየት አመጣሻት እትዬ?”

“ታውቂያታለሽ?”

“አባዬ ቅጠል ሲያይ ልክ እንደ እኔ ነው፤ እኔ ጨርቁን ትቼ ቅዱን ነው የማየው። መሃለኛዋን እያት፣ ማንኪያ ነች። ከሥሯ ደግሞ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ የታጠፉ ሁለት ጆሮዎች አሏት። ይሄ ሌላ በለስ ላይ የለም። ‘የእናትሽ’ ነች።”

“የእናቴ?”

“ስሟ ነው። እናቴ በሞተች ዓመት ከጓሯችን ግንብ ስንጥቅ ውስጥ በራሷ በቀለች። አባዬ ተንከባክቦ አሳደጋትና ‘የእናትሽ’ አላት። ያለችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የእኛ ጓሮ።” ከዚያ የገባት ይመስል ድምጿ ተቋረጠ። “አባዬ የሞተው ጣቢያው ውስጥ ነው አላችሁኝ እኮ!”

የሽማግሌው ቤት ከጣቢያው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። የጓሮውን በር ልጅቱ ቀድማ ከፈተችው፤ ከፍታም ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ዛፉ የለም። ከግንቡ ሥር ክንድ የምታህል ጉቶ ቀርታለች። መጋዝ የበላው ፊቷ ነጭ ነው፣ ወተቷ ጠርዟ ላይ ደርቋል። ቅርንጫፍ የለም፤ መሬቱ ተጠርጓል። አጠገቡ ያለው የሲሚንቶ የውሃ ገንዳ ጠርዝ በውሃ ታጥቧል፤ ግን የታጠበው ያ አንድ ጠርዝ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ነበር ልጅቱ ያለቀሰችው። “ዛፏ ምን አደረገቻቸው? እሺ እሱ ተናገራቸው እንበል። እሷስ ምን አደረገቻቸው?”

 ኢንስፔክተሯ ገንዳውን ማንም እንዳይነካው አዘዘች፤ የገንዳው ስንጥቅ ውስጥ የቀረ ደም እንዳለ የላቦራቶሪው ሰው በኋላ አረጋገጠ።

በግንቡ ማዶ የሚኖሩት አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የዛፏ ሥር ግንቤን ሰነጠቀው እያሉ ሁለት ጊዜ ለቀበሌ ከሰዋል። በሩን ሲከፍቱ ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ ያየችው እጃቸውን ነው፤ ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው የፈላ ውሃ እንደ ነካው ቀልቶ አብጧል።

“ምን ሆነው ነው አባባ?”

“በለስ ነዋ! ወተቱ ገላ ላይ ካረፈና ፀሐይ ካገኘው እንዲህ ነው የሚያደርግሽ። ያውም ዛሬ አይደለም የሚሰማሽ፣ በማግሥቱ ነው።”

“የጎረቤትዎን ዛፍ የቆረጡት እርስዎ ነዎት?”

ሹፌሩ በንዴት አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። “እኔ? እሱን ሰውዬ ከስሼዋለሁ፣ ተጣልቼዋለሁ፣ ካርታ ተጫውቼም አሸንፌዋለሁ። ጠላቴ አልነበረም። ነይ ግቢና እዪ።”

ጓሯቸው ጥግ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተከምሯል። ሳጅኑ ዓይኑ በራ። ልጅቱ ግን ከክምሩ ቅጠል እየለቀመች መሬት ላይ ደረደረች፤ አሥር ሲሞሉላት ቆመች።

“ለምን አሥር?” አለቻት ኢንስፔክተሯ።

“አንድ ዛፍ ላይም ቢሆን ቅጠል ይለያያል። ጥላ ላይ ያደገው ይሰፋል፣ ለጋው ጣቱ ያንሳል። አባዬ አንድ አይቶ አይፈርድም ነበር።” እጇን አሳለፈችባቸው። “ይኸው፣ አንዱም ጣት የለውም። ድፍን ናቸው፣ እግራቸው እንደ ልብ የገባ። ይሄ አባዬ ለመታረቂያ የሰጣቸው ዛፍ ነው። የእኛ ቅጠል አንድም የለበትም።”

“ነገርኩሽ አይደል!” አሉ ሹፌሩ። “የራሴን ነው የከረከምኩት፣ ከትናንት ወዲያ። የእሱን የቆረጠው ትናንት ነው፤ ሰማሁት እኮ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ መጋዝ ጮኸ። ‘እፎይ፣ በመጨረሻ ቆረጠው’ ብዬ ተኛሁ። እንዴት አፈርኩ መሰለሽ ልጄ። ተነስቼ በግንቡ ማዶ አይቼ ቢሆን…” አልጨረሱትም።

“ሌላስ ምን ሰሙ?”

“ከዚያ ፒክአፕ ወጣች። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የምታስነጥስ። ሠላሳ አራት ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ዓይኔን ብታስሪኝም እለያታለሁ።”

ሳጅኑ በማግሥቱ የጣቢያውን ሦስት ፒክአፖች ተራ በተራ በሹፌሩ በር አሳለፈ። ሹፌሩ ጀርባቸውን ሰጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሦስተኛዋ ስታልፍ በርጩማውን በእጃቸው መቱት። “እሷ ናት! ክላቿን አሠሩላት፣ ነውር ነው።”

የዚያች መኪና ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ዘንድ ነው፤ ዳይሬክተሩና የመጋዘን ሠራተኛው። የመጋዘን ሠራተኛው ደግሞ ያን ቀን ከአምስት ሰዓት ጀምሮ መጋዘኑን ዘግቶ ጠፍቷል። ሳጅኑ “ተገኘ!” ብሎ ቤቱ ድረስ ሄደ፤ ሰውየው አንድ ጉንጩ እንደ ኳስ ተነፍቶ ነበር። ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክሊኒክ ውሏል፤ ሐኪሙም ነርሷም መሰከሩለት።

“ዳይሬክተሩ ራሱ ነው ሂድ ያለኝ” አለ አፉን በመሐረብ ይዞ። “እኔ እንኳን ወሩን ሙሉ ለምኜው እንቢ ብሎኝ ነበር።”

በዚያው ቀን የአስከሬን ምርመራ ውጤት መጣ። ሐኪሙ በስልክ ሲያነብላት ድምፁ ከወትሮው ዝግ ያለ ነበር።

“ገንዳው ላይ ነው የወደቁት፤ ከፊታቸው የተገፈተሩ ይመስላል። ግን ወዲያው አልሞቱም ኢንስፔክተር። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆይተዋል።”

“ሆስፒታል ቢደርሱ ኖሮስ?”

“ይተርፉ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ዕድል ግን ነበራቸው።”

ስልኩን ዘጋች። ሆስፒታሉ ከሽማግሌው ቤት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መኪና ደግሞ ነበረ። ነፍሱ ያልወጣችን ሰው ከቅርንጫፍ ጋር መኪና ላይ ጭኖ፣ ሠራተኛ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ተነስታ ወደ ምርምር ጣቢያው ሄደች።

ዳይሬክተሩ በቢሮው ሻይ አቀረበላት። በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓው ተቆልፏል፤ ከቁልፉ ሥር የፋሻ ጫፍ ይታያል።

“እጅዎን ምን ነካው?”

“የፈላ ውሃ። ሻይ ሳፈላ።”

“ከትናንት ወዲያ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ የት ነበሩ?”

ሲጠብቀው የኖረ ጥያቄ ይመስል ፈገግ አለ። “እዚሁ፣ ሰባተኛው ረድፍ ላይ። አዲሷ ዝርያዬ የተተከለችው እዚያ ነው። የምዝገባ ኮሚቴው ጸሐፊ በስድስት ከሃያ ደውላ ‘የቅጠሉ ፎቶ አልደረሰንም፣ ከሰባት በፊት ካልላኩ ለቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል’ አለችኝ። በቆምኩበት አሥር ቅጠል ለቅሜ፣ ወረቀት ላይ ደርድሬ፣ አንስቼ ላክሁላት። ስድስት ከሠላሳ ሁለት ይላል፤ ይኸው።”

ስልኩን ዘረጋላት። ነጭ ወረቀት ላይ በሁለት መደዳ የተደረደሩ አሥር ቅጠሎች። ኢንስፔክተሯ ፎቶውን አጉልታ አየችው።

“ለእኔም ይላኩልኝ” አለች።

“በደስታ።”

ወጥታ ሳጅኑን በክንዱ ሳብ አደረገችው። “ልብስ ሰፊዋን አምጣልኝ። የአባቷን ደብተሮችም ትያዝ።”

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ በበለስ ረድፎቹ መሃል ሄዱ። ጣቢያው አርባ ሦስት የበለስ ዛፎች አሉት። ልጅቱ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ቅጠል ለቀመች፤ ሳጅኑ እየቆጠረ ጻፈ። መጀመሪያ የሄዱት ሰባተኛው ረድፍ ላይ ነው። እዚያ የዳይሬክተሩ ስም በትልቁ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ከሰሌዳው ጎን ፍሬ ያልያዘች፣ ወገብ የምትደርስ ዛፍ ቆማለች።

ልጅቱ ቅጠሏን እንደነካች ሳቀች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው፤ ግን የደስታ አልነበረም።

“ባለ ሦስት ጣት። ገበያው ሁሉ የሚሸጣት በለስ! ፎቶውን እስቲ አሳዪኝ እትዬ።” ስልኩን ይዛ ጣቷን በየቅጠሉ ላይ አሳለፈች። “ማንኪያ፣ ጆሮ። ማንኪያ፣ ጆሮ። አሥሩም ‘የእናትሽ’ ናቸው።”

አርባ ሦስቱንም ጨረሱ። እንደ ፎቶው ያለ ቅጠል ያለው አንድም ዛፍ የለም።

“ግን ሰውየው ዝርያዋ እዚህ አለች ብሎ እኮ ነው ያስመዘገበው” አለ ሳጅኑ። “ቅርንጫፍ ከሽማግሌው አልወሰደም ማለት ነው?”

ልጅቱ ከደብተሮቹ አንዱን ገለጠች። የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ በየገጹ የተጫነ ቅጠል ተለጥፎ፣ ከሥሩ በእርሳስ፣ ጎበጥ ባለ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል። ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈውን ገጽ ለኢንስፔክተሯ ሰጠቻት።

“ዶክተር ‘የእናትሽ’ን ለጣቢያው ስጠኝ አሉኝ። በፊት ያገኘኋትን ባለ ቀይ ልብ በለስ በስማቸው አስመዝግበዋታል፤ ሲሸለሙ እኔ ወንበር ሳመላልስ ነበር። ስለዚህ ሰባተኛው ረድፍ ላይ የተከልኩላቸው የገበያዋን ነው። ቅጠሏን አይተው ‘ይቺ አይደለችም’ ካሉኝ እውነተኛዋን እሰጣቸዋለሁ። ዛሬ ሁለት ወር ሆነ፣ አልጠየቁኝም።”

ከሥሩ ሌላ ቀን፣ ሌላ እርሳስ፦ “ዓመት ሆነ። አልጠየቁኝም።”

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ዘጋች። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳይሬክተሩ በየቀኑ በዚያች ዛፍ ፊት አልፏል። ስሙን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሰቅሏል። አንድ ቀን ቅጠሏን ቢያይ ኖሮ ይበቃው ነበር።

ሲመሽ ከመስታወት ቤቱ ጀርባ፣ የማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከአጨዳ ሣር ሥር ቅርንጫፎቹን ሳጅኑ አገኛቸው። ልጅቱ ጉድጓዱ ውስጥ ዘላ ገብታ መምዘዝ ስትጀምር ያዛት።

“ማስረጃ ነው እህቴ፣ አይነካም።”

“ማስረጃችሁ ይደርቃል! በሁለት ቀን ማገዶ ይሆናል። አሁን ካልተተከለ እሷም ሞተች ማለት ነው እኮ!”

ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። እሷ ደብተሯን አወጣችና ፎቶ አስነስታ፣ “አሥራ ሁለት ቁራጭ፣ ለማቆየት ለሟች ልጅ የተሰጠ” ብላ ጽፋ ፈረመች። “ኮማንደሩ ከጠየቀ እኔ ነኝ” አለች። “እርጥብ ጨርቅ ፈልግላት።”

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳይሬክተሩ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። ኮማንደሩም ሊታዘብ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቅጠል አስቀመጠች፣ አንዱ ባለ ሦስት ጣት፣ አንዱ ባለ ማንኪያ።

“ከእነዚህ የእርስዎ ዝርያ የትኛው ነው?”

ዳይሬክተሩ አንዱን አነሳ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። ሌላውንም ገለበጠ።

“ጽሑፍ የለበትም” አለችው። “ቅጠሉን ነው የሚያነቡት።”

“ይሄ… ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በአንድ ዛፍ ላይ ቅጠል ይለያያል።”

“ልክ ነው። ለዚህ ነው አሥር አሥር የለቀምነው።” ፎቶውን አጠገባቸው ዘረጋችው። “ባለ ሦስት ጣቱ የእኔ ነው ካሉ፣ ይሄን ፎቶ ሰባተኛው ረድፍ ላይ አላነሱትም። ባለ ማንኪያው ነው ካሉ፣ እሱ ምርምር ጣቢያው ውስጥ የለም፤ ያለው አንድ ጓሮ ውስጥ ብቻ ነበር። በስድስት ከሠላሳ ሁለት እርስዎ የት ነበሩ ዶክተር?”

ዳይሬክተሩ ፎቶውን ወደ ራሱ ሳበ። ከፋሻው በላይ ያበጠው ቆዳ ውሃ ቋጥሮ ይታያል።

“እጅዎን የፖሊስ ሐኪም ያየዋል። የሻይ ውሃ እንዲህ አያደርግም።”

“እኔ የመሰለኝ…” አለና ተንተባተበ። ከዚያ ድምፁ ወጣ፤ እንደ ተበደለ ሰው ይናገር ጀመር። “የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነበር! ሌላ ቦታ እናት ዛፍ ካለ ኮሚቴው ይሰርዘኛል። ሽማግሌውን ወደ መጋዘን ልኬው ነበር፤ ሠራተኛውን ራሴ ስላሰናበትኩት ዝግ ሆነበትና ቤቱ ተመለሰ። ግንዱን አቅፎ አልለቅም አለ። ገፋ ነው ያደረግኩት። ገፋ ብቻ።”

“ፎቶውንስ?”

“ስልኩ ጮኸ። ቅጠሉ መሬት ላይ ነበር። ያው አንድ ነው ብዬ…”

“እሳቸው አጠገብዎ ወድቀው እየተነፈሱ፣ እርስዎ ቅጠል ይደረድሩ ነበር።”

ጥግ ላይ የኮማንደሩ ወንበር ሲጮህ ተሰማ።

“ሁለት ሰዓት ነው የተነፈሱት” አለች ኢንስፔክተሯ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርሷን አልፎ ሲወጣ ይሰማታል። “የዕድሜ ልክ ሥራዬ አሉኝ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩትን እርስዎ ወስደው መለየት እንኳን አልቻሉም። ሳጅን፣ ውሰደው።”

ከሁለት ወር በኋላ ልብስ ሰፊዋ ወደ ዝርያ ምዝገባ ቢሮ ስትሄድ ኢንስፔክተሯ የዕረፍት ቀኗን ወስዳ አብራት ሄደች። ከአሥራ ሁለቱ ቁራጮች ሰባቱ ሥር ሰደዋል። ጸሐፊዋ ቅጹን አገላብጣ አየችና ፊቷን ኮሶ አስመሰለችው።

“‘የአግኚው የትምህርት ደረጃ’ በሚለው ቦታ አራተኛ ክፍል ብለሽ ጽፈሻል። ቅጹ የሚጀምረው ከዲፕሎማ ነው። የጣቢያው ማመልከቻ እኮ አሁንም የተሟላ ነው፤ የሰውየውን ስም አውጥተን በጣቢያው ስም ብናደርገው አይሻልም?”

ኢንስፔክተሯ አፏን ልትከፍት ስትል ልጅቱ እጇን ያዘቻት። ከቦርሳዋ የልብስ ሰፊ ማስመሪያዋን አወጣች፤ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችና ከዲፕሎማው ሳጥን በላይ ቀጥ ያለ አዲስ ሳጥን አሰመረች። ውስጡ “አራተኛ ክፍል” ብላ በደማቁ ጻፈች፤ ከጎኑም የአባቷን ሙሉ ስም ከነአያታቸው።

“አሁን ይጀምራል” አለች። “ማህተሙን ምቺ።”

ጸሐፊዋ ወደ ኢንስፔክተሯ አየች። ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዋን ፈታ አደረገች። “እኛ ጊዜ አለን” አለች።

ማህተሙ እስኪመታ ድረስ አልተነሱም።